ጠጅ ቤቴን ያስሮጠ ሯጭ

ያን ጊዜ አሰላ ላይ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ወደ ናዝሬት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአክስቴ የወረስኩት ቤት ነው። ባሌን ፈትቼ ብቻዬን የምኖር፣ ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ደልደል ያልኩ ሴት ነበርኩ። ደልደል ስል ለራሴ አዳልቼ ነው፤ ወፍራም ነበርኩ። ታዲያ ያን ጊዜ መወፈር የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። በመንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል! ተመስገን በዪ» ይለኛል። እኔም ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ፈጠን ፈጠን ማለት የተላላኪ ሰው ነገር ነበር።

አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆመና ከጭነቱ አናት አንድ ሰው ዘሎ ወረደ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የገብስ ከረጢት ይዟል። ቅጥነቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ኮቱ ውስጥ ሌላ ሰው ቢጨመር ሁለቱም አይጣበቡም።

«ጤና ይስጥልኝ እሜቴ። የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነው» አለኝ።

«አለ። ግን ከበሽታ ተነሥተው ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ሯጭ ስለነበርኩ ነው።»

የሩጫ ውድድር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ከማን ነው የሚሸሹት?» አልኩት።

ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ። ወታደር ነበር፣ አሥር አለቃ። ረጅም ርቀት እየሮጠ ክፍለ ጦሩን ብዙ ጊዜ አሸናፊ ያደረገ፣ አንድ ጊዜም በአውሮፕላን ውጭ አገር ድረስ ተወስዶ የተወዳደረ ሰው ነው። ኋላ የተረከዙ ጅማት ተጎዳና ለውድድር የማይሆን ሆነ። አሁን ትምህርት ቤቱ ሰውነት ማጎልመሻ እንዲያስተምርና የጓሮ አትክልት እንዲያስተክል ቀጥሮት ነው የመጣው። ክፍሉን አከራየሁት። ማታ የሚበሉት ምን ልስጥዎት ብዬ ብጠይቀው ከረጢቱን አሳየኝና «ቆሎ አለኝ» አለ። አዘንኩለት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ «ሌባ! ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ለካ ሰውዬው ልማዱ ነውና በቁምጣና በሸራ ጫማ ሊሮጥ ወጥቷል። ከጭላሎ የወረደው ጉም ገና አልተገፈፈም። የእህል መጋዘኑ ዘበኛ በጉሙ ውስጥ እግሩ እርቃን የሆነ ሰው ሽው ሲልበት ጊዜ ጮኸ። እንግዲህ በዚያ ሰዓት በቁምጣ የሚሮጥ ሰው ሌባ ካልሆነ ምን ይሆናል? ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ወጣ፤ ከኪዳን የሚመለሱት ጋቢያቸውን እየጣሉ ተከተሉ፤ የከተማው ዳኛ ሳይቀሩ በቅሏቸውን አስጭነው ወጡ። እኔም ዱላ ይዤ ወጥቼ ነበር፣ ጎረቤቴ አጥር ጋ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ የደረሱት ናቸው።

አሥር አለቃው ዞር ብሎ ቢያይ ከተማው ሁሉ ከኋላው ነው። አብረውት ሊሮጡ የወጡ መሰሉት! ደስ ብሎት ቀስ አለላቸው። ሊይዙት ሲቃረቡ ደግሞ «አይዟችሁ! በርቱ! እጃችሁን አወናጭፉ!» እያለ ፈጠን ይላል። እነሱ የሚያሾፍባቸው መሰላቸውና እልህ ያዛቸው። እንዲህ እየተሳሳቡ ሽቅብ ወደ ጭላሎ ወጡ፤ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ሁሉም በየሥሩ ተዘረጉ። ሌባው ታዲያ ተመልሶ መጥቶ ተቆጣቸው።

«ተነሡ! አትቀመጡ! ላብ እንደያዛችሁ ብርድ ይመታችኋል፤ ተራመዱ!»

ከድካማቸው ብዛት ታዘዙት። ሌባ ፈልገው የወጡት ሰዎች በዛፎቹ መሐል እጃቸውን እያወዛወዙ ሲዞሩ ዳኛው በበቅሏቸው ደረሱ። ዳኛው በቁመትም በስፋትም ከከተማው አንደኛ ነበሩ።

«እጅህን ስጥ!» ብለው አንባረቁ።

አሥር አለቃው ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋና ጨበጣቸው። «እንደምን አደሩ ጌታዬ» አላቸው።

ሥጋ ሻጩ ቢላውን መሬት ጥሎ ሳቀ። ከዚያ የሁሉም ሳቅ ፈነዳ። እያወሩ አብረው ወደ ከተማ ሲወርዱ እኔ ገና ድንጋዬ ላይ ነበርኩ። አሥር አለቃው ደጄ ላይ ሲሰናበታቸው «በጣም ጥሩ ሮጣችኋል። ነገም በዚሁ ሰዓት» አላቸው። እመኑኝ፣ በማግስቱ የመጡ ነበሩ። ሥጋ ሻጩ አንዱ ነው፤ ያለ ቢላው።

ከዚያ ወዲህ ከተከራዬ ስብከት የሚያመልጥ ጠፋ። ከሥራ ሲመለስ ጠጅ ቤቴ ይገባና ብርዝ ያዝዛል። ጠጅ ቤት ገብቶ ያልፈላ የማር ውኃ! ደንበኞቼ ብርሌያቸውን እንደያዙ ያዩታል። ከዚያ ቆሞ ይጀምራል። ጎመን ብሉ፣ ገብስ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቅቤውን ቀነስ አድርጉ፣ በቅሎውን አሳርፋችሁ በእግራችሁ ሂዱ። የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ነጋዴዎች ይንጫጫሉ።

አንዱ «እኛ እኮ ግማሹን ዓመት እንጾማለን፤ ሌላ ምን እንድንተውልህ ነው?» አለው።

«ችግሩ ስትጾሙ አይደለም፤ ስትፈስኩ ነው» አለ አሥር አለቃው።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሱ በቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ሌላው ደግሞ «ይሄ ሰው ድህነትን በነፃ ሊያድለን ነው የመጣው!» አለ። እኔም እስቃለሁ፤ ግን እሱ በተናገረ ቁጥር ሦስት አራት ብርሌ ሳይሞላ እንደሚቀር አይ ነበርና ሳቄ ግማሽ ነበር።

ነገሩ ቅቤ የምታመጣልኝ ወዳጄ ጆሮ ደረሰ። እሷ ከጭላሎ ወገብ፣ ከደጋው፣ ቅቤዋን አዝላ በየገበያው ቀን የምትወርድ የአርሲ ሴት ናት። አማርኛዋ ላይ ኦሮምኛ ጣል ስታደርግበት ለጆሮ ይጥማል። አንድ ቀን እቃዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቀጥ ብላ ገባች።

«የታለ ያ መራቱ?» አለች። ያ እብድ ማለቷ ነው። «ቅቤ መርዝ ነው ያልከው አንተ ነህ?»

አሥር አለቃው ከመቀመጫው ተነሣላት። «መርዝ አላልኩም እናቴ። ትንሽ ይበቃል ነው ያልኩት።»

«እኔ ቅቤ በልቼ፣ ቅቤ አዝዬ፣ ከዚያ ተራራ በእግሬ መጥቻለሁ። አንተ ጎመን በልተህ ትመጣለህ?»

አሥር አለቃው ወደ ደንበኞቼ እየጠቆመ «እርስዎማ ይራመዳሉ፤ የፈለጉትን ይብሉ። እነዚህ ናቸው ከዚህ ወንበር የማይነሡት» አላት።

ደንበኞቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሆዳቸውን አየች። «ዱጋ!» አለች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሱ ብሳ ቁጭ አለች። ገበያ ላይ ሰው ሲመጣባት «በእግርሽ ነው የመጣሽው ወይስ በጋሪ?» ብላ ትጠይቅ ጀመር። በጋሪ ያለቻትን አልሸጥልሽም ትላለች። ታዲያ ሰው ሁሉ ጋሪውን ማዶ እያስቆመ በእግሩ ይመጣባት ነበር።

የዳኛው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ በቅሏቸው ልክ ደጄ ፊት እግሯን አጠፈችና ዳኛውን እንደተሸከመች ተኛች። መንገደኛው አክብሮት ይዞት ፊቱን አዞረ። ዳኛው መጀመሪያውኑ እዚያ ሊወርዱ አስበው እንደነበረ ሁሉ ረጋ ብለው ወረዱና ገቡ። ጠጅ ስቀዳላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ያን ተከራይሽን በጓሮ በኩል ጥሪልኝ» አሉኝ።

ጠራሁት። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ነገር ለእኔ ቢጤም ይሆናል?»

«ለማንም ይሆናል ጌታዬ።»

«መልካም። ሰው ግን አያይም።»

በዚህ ምክንያት ጓሮዬ፣ በጌሾው ተክልና በትልልቆቹ የጠጅ ጋኖች መሐል፣ የዳኛው መለማመጃ ሆነ። ጠዋት ከችሎት በፊት ይመጣሉ። ተፈሪ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጋን ላይ አስቀምጠው፣ ገመድ ይዘላሉ። ሲያርፉ መሬቱ ድም! ይላል፤ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርሌዎቼ ይንጫጫሉ። አንድ ቀን በጠዋት የመጣ ደንበኛ ብርሌውን በሁለት እጁ ይዞ «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው እንዴ?» አለኝ። «ጌሾ እየተወቀጠ ነው» አልኩት።

በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ ዳኛው በየጠዋቱ ጓሮዬ ሲገቡ ያያል። የሚያደርጉትን ግን ጌሾው ይከልለዋል። አንድ ቀን ስነሣ አጥሩን ነቅሎ ወደ ራሱ ግቢ አስገብቶ ተክሎታል፤ አንድ መደብ የሚያህል ቦታ ለእኔ ለቅቋል። ገርሞኝ ብጠይቀው «ለሰላም ብዬ ነው» አለኝና ሌላ ቃል ሳይጨምር ገባ። ምን አግኝቶት ነው ብዬ ነገሩን ተውኩት።

እኔ ራሴ እንዴት እንደገባሁበት ደግሞ ልንገራችሁ። የዳኛውን ዝላይ ሁልጊዜ በጓሮ በሩ ቀዳዳ ነበር የማየው፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ። አንድ ጠዋት ገመዱ ባርኔጣቸውን ከጋኑ ላይ ጠልፎ ጌሾው አናት ላይ ሰቀለው። መቻል አቃተኝ፤ ሳቄ አመለጠኝ። በሩ ተከፈተ፤ ዳኛው ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆመዋል።

«ምን ያስቅሻል? ነዪ እስቲ አንቺ ዝለዪ!»

ዳኛ አዝዘው እንቢ ይባላል? ገመዱን ተቀበልኩ። አንዴ ዘለልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ተጠልፌ ጋኑን አቅፌ ተንጠለጠልኩ። ጋኑ ዘመመ፤ አሥር አለቃው ጋኑን በአንድ ወገን እኔን በሌላ ወገን ደገፈ። ዳኛው እየሳቁ መሬት ተቀመጡ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ እስኪያመኝ፣ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ። ትንፋሼ ሲመለስ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፍቶ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ ተንፍሼ አላውቅም።

«እንደገና» አልኩት አሥር አለቃውን።

«እንደገና እሜቴ» አለ፤ ፊቱ በርቶ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ወደ ወንዙ መራመድ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ፈጠን ፈጠን፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ሩጫ። ቅቤ የምታመጣልኝ ወዳጄ ከደጋ ስትወርድ መንገድ ላይ ታገኘኝና «እኛ አገር እንዲህ የሚሮጠው ቡልጉ ያየ ሰው ነው» ትለኛለች፤ ሰው በላውን ጭራቅ ማለቷ ነው። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ሰዎች «ምነው ከሳሽ? ምን አሳሰበሽ?» ሲሉኝ እስቃለሁ፤ ምክንያቱም በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንዳንዴ ባዶ ቤት ውስጥ ብርሌ እያጠብኩ በእግሬ ጣት ከፍ ዝቅ ስል ራሴን እይዘዋለሁ። ደስታዬ ሩጫው ብቻ እንዳልሆነም መጠርጠር ጀምሬ ነበር። አሥር አለቃው ብርዙን ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ የምትወጣ የምትወርደውን ነገር ማየት ወድጄ ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ አሥር አለቃው ሩጫ እናድርግ አለ፤ በገበያ ቀን፣ ከገበያው ተነሥቶ ወንዙ ድረስ፣ ከዚያ ሽቅብ ተመልሶ። የፈለገ ሰው ሁሉ ይግባ። ዳኛው ለሽልማት የሰባ ሙክት ሰጡ። አሥር አለቃው ሙክቱን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ጌታዬ፣ እኔ ሰው ስብ እንዲቀንስ እሰብካለሁ፤ ሽልማቱ ስብ ይሁን? አንድ ኩንታል ጎመን ብናደርገው...»

«ለጎመን ማን ይሮጣል?» አሉ ዳኛው። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

በቀኑ ገበያው ጢም አለ። አስተማሪዎቹ በከረባት፣ የጽሕፈት ቤት ሰዎች በሱሪያቸው ላይ ካልሲያቸውን ስበው፣ ሥጋ ሻጩ በባዶ እግሩ፣ እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ አጠገቤ ጎረቤቴ። ሴት ልትሮጥ ነው ተብሎ ጉርምርምታ ተነሥቶ ነበር። ያን ሁሉ ያስረሱት ዳኛው ናቸው። ካባቸውን አወለቁ። ከሥር ቁምጣ ለብሰዋል! ገበያው ጸጥ አለ። አህያ እንኳን አላናፋም። ከጸጥታው ውስጥ ቅቤ ሻጯ ወዳጄ እልል አለች። ከዚያ እልልታው የገበያውን ዳስ ሁሉ ይዞ ሄደ።

ተነሣን። ቁልቁለቱን በሳቅ ወረድነው። ወንዙ ጋ ስንዞር ዳኛው ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ጎረቤቴ ሮጦ ደረሰባቸውና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ያ የአጥሩ ጉዳይ... እንግዲህ ለቅቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን አጥር?» አሉ ዳኛው እያለከለኩ።

«በየጠዋቱ እየመጡ የሚመረምሩት!»

«እኔ? እኔ የምመጣው ገመድ ልዘል ነው!»

ጎረቤቴ ዓይኑ ፈጠጠ። ዞሮ አየኝ። የዚያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ፤ ሳቄ መጣና ሽቅብ መሮጥ ጀመርኩ። እሱም ተከተለኝ።

«ቦታዬን መልሺ!»

«እመልሳለሁ!»

«አሁን በዪ! በሰው ፊት በዪ!»

«ላይ ስንደርስ!» እላለሁ፤ እሱ ይፈጥናል፣ እኔ እፈጥናለሁ። ሳቅ ጎኔን እየወጋኝ፣ እሱ በንዴት እየጮኸ፣ አስተማሪዎቹን አለፍን፤ የጽሕፈት ቤት ሰዎችን አለፍን። ሕዝቡ ምን እንደሆነ ስላላወቀ በእልልታ ይቀበለናል። ሥጋ ሻጩ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ጎረቤቴ፣ ገና እየተከራከረ። እዚያው በሰው ፊት ቦታውን መለስኩለት፤ አቅፎኝ ሳቀ።

ሙክቱ ታረደ። አሥር አለቃው ቢያንስ ጎመን ይጨመርበት ብሎ ለምኖ ተጨመረለት። በዚያ ግርግር መሐል ወደ እኔ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ! እንዴት ሮጥሽ! እንዴት...» አለና ደነገጠ። ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ እሜቴ። ሮጡ... እንዴት ሮጡ ማለቴ ነው።»

«ሮጥሽ ይሻላል» አልኩት።

ወዳጄ ከማዶ ታየናለች፤ ለማንም የማይሰማ ነገር በኦሮምኛ እያልጎመጎመች ትስቃለች።

አባቴ ያን ጊዜ ቆላው ኦጎልቾ እህል ያርሱ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ዳኛው ናቸው። መኪናውንም በቅሎውንም እንቢ ብለው መንገዱን በእግራቸው ወረዱት፤ እኔና አሥር አለቃውም ከኋላ ተከተልን። አባቴ አቧራ የለበሰ ሰው ደጃቸው ቆሞ ዳኛ ነኝ ሲላቸው «ዳኛ በእግሩ ይመጣል?» ብለው ውሻውን ሊፈቱበት ነበር። ነገሩ ከተጣራ በኋላ እኔን አዩኝ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄ! ማን ነው ያስራበሽ?»

«እሱ ነው አባዬ» አልኩ ወደ አሥር አለቃው እያየሁ።

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «ይህስ ራሱንም አስርቧል» አሉ። ግን አንድ ጊዜ እርሻው ዳር ዳር ይዘውት ዞሩ፤ ስለ ገብስ ሲያወሩ ውለው ሲመለሱ ትከሻው ላይ እጃቸውን ጥለውበት ነበር። ተዳርን።

ጠጅ ቤቱን ግማሹን በሶና ብርዝ ቤት አደረግነው። ጠጅ ጨርሼ አልተውኩም፤ በዓል በዓል ነው። ደንበኛው መጀመሪያ አኮረፈ፣ ኋላ ለመደው። ባሌን ግን አሰላ ጠበበችው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጭነት መኪና እየተሳፈርን በየከተማው እንዞር ጀመር። አርቦዬ ላይ ክትባት ሊሰጡ መጡ ተብሎ ልጆቹ ሁሉ ሸሹን። አቦምሳ ግን ሕዝቡ ግጥም ብሎ ወጣ። ከዚያው ጋሪ ተከራይተን በሶውን ጭነን፣ ባሌ ጋሪው ላይ ቆሞ በዚያ ሙቀት ጉሮሮው እስኪደርቅ ይሰብካል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ንግግሩ ሲያልቅ «ይህችን ሴት እዩ!» ይላል። እኔም ዘወር ዘወር ብዬ እታያለሁ፤ ሐፍረት የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄዷል።

አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሐል «ድሮ ምን ያህል ነበርሽ?» ብላ ጮኸች።

«ይህን ያህል!» ብዬ ሁለት እጄን በኃይል ዘረጋሁ።

ፈረሱ ደነበረ። ባሌ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ጎን ዘለልን፤ ጋሪው በሶአችንን እያዘነበ በአቦምሳ መሐል ሽምጥ ጋለበ። ባለ ጋሪው ይጮኻል፤ ውሾች ይከተላሉ፤ ሕዝቡ መንገድ ይለቃል። ባሌ ተረከዙን ረስቶ ጋሪውን ሊይዝ ሮጠ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ነክሼ ተከተልኩት። ፈረሱን የያዝነው ከከተማው ወጥተን፣ አንድ ግራር ሥር ቆሞ ሣር ሲነጭ ነው። ባሌ ፊቱ በሶ በበሶ ሆኖ ልጓሙን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«ከእኔ እኩል ደረስሽ እኮ» አለኝ።

«ቀድሜህ ነበር፤ ልጓሙን ለአንተ ብዬ ነው የተውኩት» አልኩት፤ ሳቃችን ሳያልቅ ባለ ጋሪው እየተሳደበ ደረሰ።